ሌንሶቼን ሸጬ ወደ ፉል ፍሬም ልዙር ወይስ ባለሁበት ልቆይ?

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዓምድዎን ሳነብ ቆይቻለሁ፤ ዛሬ ግን የራሴን ጭንቀት ይዤ መጣሁ። የማነሳው በኦሊምፐስ ኢ-ኤም1 ማርክ 2 ነው። 12-40 ኤፍ 2.8፣ 40-150 ኤፍ 2.8 እና 300 ኤፍ 4 ሌንሶች አሉኝ። እያጠራቀምኩ አንድ በአንድ የገዛኋቸው ናቸው። ማታ ማታ የመድረክ ዳንስ አነሳለሁ፤ በእረፍት ቀኔ ጠዋት ደግሞ ወፍ። አብረውኝ የጀመሩት ጓደኞቼ በሙሉ ወደ ፉል ፍሬም፣ ማለትም ትልቅ ሴንሰር (ብርሃን ተቀባይ) ወዳላቸው ካሜራዎች ዞረዋል። ‹በዚያች ጥፍር በምታህል ሴንሰር እስከ መቼ? ሲስተሙም እየሞተ ነው› ይሉኛል። እውነትም የመድረክ ፎቶዎቼ ኖይዝ (ነቁጥ ነቁጥ የሚል ሻካራነት) ይበዛባቸዋል። ሌንሶቼን መሸጥ ግን ልጅ አሳልፎ እንደመስጠት ሆነብኝ። ሁለት ፎቶ ልኬያለሁ፤ ይዩልኝና ቁርጡን ይንገሩኝ። ለመሆኑ እነዚህን ሌንሶች በአዳፕተር ፉል ፍሬም ላይ መግጠም አይቻልም?
ከሌንሶቿ ጋር የተጣበቀችው»

እህቴ፣ ቁርጡን ንገረኝ ካልሽ እነሆ፦ ለጊዜው ምንም አትሽጪ። ምክንያቱን ግን ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ፤ «ለጊዜው» ያልኩትም በከንቱ አይደለም። ከደብዳቤሽ ይልቅ ብዙ የነገሩኝ ሁለቱ ፎቶዎች ስለሆኑ ከእነሱ እጀምራለሁ። የጓደኞችሽ ነገር ይቆየን።

በመጀመሪያው ፎቶ ላይ ዳንሰኛዋ ቀኝ እጇን ወደ ላይ ወርውራለች። ፊቷ ጥርት ብሎ ይታያል። ሽፋሽፍቷ ሳይቀር ይቆጠራል። እጇ ግን ከክርኗ በላይ ጭስ ሆኗል፤ ጣቶቿ የት ጀምረው የት እንዳለቁ አይለይም። ከፎቶው ጋር የተቀመጠውን መረጃ ከፍቼ አየሁት። 150 ሚሊ፣ ኤፍ 2.8፣ የሹተር ፍጥነት 1/100፣ አይኤስኦ 3200 ይላል። ሚሊው ሌንሱ ምን ያህል እንደሚያቀርብ ይናገራል፤ ኤፍ የቀዳዳው (የአፐርቸሩ) ቁጥር ነው፣ ሲያንስ ብርሃን ይበዛል፤ ሹተሩ ብርሃን የሚገባበት ጊዜ በሰከንድ ነው፤ አይኤስኦ ደግሞ ካሜራው የገባውን ብርሃን የሚያጎላበት ልክ ነው። እዚህ ላይ ሴንሰሩ ምንም አላጠፋም። በ1/100 እንዲህ በኃይል የሚወረወር እጅ አይቆምም። የጓደኞችሽ ፉል ፍሬምም ያንኑ ጭስ ነው የሚያሳይሽ። በካሜራሽ ውስጥ ያለው ማረጋጊያ የአንቺን እጅ መንቀጥቀጥ ይይዛል እንጂ የእሷን እጅ አያቆምም። ለእንዲህ ያለ እንቅስቃሴ 1/400 ወይም 1/500 ያስፈልግሻል።

ዓይኔን የሳበው ደግሞ አይኤስኦው ነው። ልክ 3200 ላይ ቆሟል። እንደሚመስለኝ አውቶ አይኤስኦው ከዚያ እንዳያልፍ ጣሪያ አበጅተሽለታል። ኖይዝ ፈርተሽ ካሜራውን አሰርሽው። እሱም መፈናፈኛ ሲያጣ ሹተሩን አዘገየ። እስቲ አስቢው፤ ኖይዝ ያለበት ፎቶ በኋላ ሊጸዳ ይችላል። ጭስ የሆነ እጅ ግን ምንም ብታደርጊ ጣት አያወጣም።

ሁለተኛው ፎቶ የተነሳው በአይኤስኦ 6400 ነው። ኖይዙ እውነትም ዓይን ይወጋል፤ በተለይ ጥላው ውስጥ ቀይና አረንጓዴ ነቁጥ ፈስሶበታል። ግን ነጩን ቀሚስ እንዳይቃጠል ብለሽ ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን የብርሃን ልክ) በጣም ዝቅ አድርገሽዋል። ቤት ገብተሽ ኤዲት ስታደርጊ ደግሞ ሁለት ስቶፕ ያህል ወደ ላይ ጎትተሽዋል። አንድ ስቶፕ ማለት የብርሃን እጥፍ ነው፤ ሁለት ስቶፕ አራት እጥፍ። ስለዚህ ፋይሉ 6400 ይበል እንጂ አንቺ የምታይው ኖይዝ የ25600 ነው። መጀመሪያውኑ በትክክለኛ ኤክስፖዠር ብታነሺው ኖሮ ከዚህ የተሻለ ፎቶ ይኖርሽ ነበር።

መድረክ ላይ ካሜራ የሚታለለው በጥቁሩ መጋረጃ ነው። ጥቁር ሲበዛበት «ጨለማ ነው» ብሎ ያበራል፤ የዳንሰኛዋ ፊት ይቃጠላል። ሰው ያንን አንድ ጊዜ ካየ በኋላ ፈርቶ ከሚገባው በላይ ያጨልማል። መፍትሔው ማኑዋል፣ ማለትም ሁሉንም በእጅ ማስተካከል ነው። ሹተሩን 1/400፣ አፐርቸሩን ኤፍ 2.8 ላይ አድርጊ። ዋናው መብራት ፊቷ ላይ ሲወድቅ አይኤስኦውን ፊቷን እያየሽ ወስኚ። መጋረጃው ጥቁር ይሁን፤ እሱን ለማየት የመጣ የለም። በራው (ካሜራው ባላቀነባበረው ፋይል) አንሺና ኖይዙን በማጽጃ ሶፍትዌር አጽጂው። አሁን በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚሠሩት በራው ፋይል ላይ የሚያመጡት ለውጥ ቀላል አይደለም። መጠኑን ግን ቀነስ አድርጊ፤ አለበለዚያ የሰው ቆዳ ፕላስቲክ ያስመስሉታል።

ይህን ሁሉ ያልኩት የሴንሰር መጠን ወሬ ብቻ ነው ለማለት አይደለም። ልዩነት አለ፤ ጓደኞችሽ አልዋሹሽም። ፉል ፍሬም 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስፋቱ 864 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሆናል። ያንቺ ሴንሰር፣ ማይክሮ ፎር ሰርድስ የሚባለው፣ 17.3 በ13 ነው፤ 225 ቢሆን ነው። ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል፤ በስቶፕ ሲቆጠር ሁለት ገደማ። ብርሃን በቅንጣት በቅንጣት ስለሚመጣ፣ ቅንጣቱ ጥቂት ሲሆን አንዱ ቦታ ይበዛል፣ ሌላው ያንሳል። ኖይዝ የምንለው አብዛኛው ነገር ይኸው ነው። የተሰበሰበው ብርሃን አራት እጥፍ ሲሆን ምስሉ ከኖይዙ አንጻር በእጥፍ ይሻላል። ስለዚህ በአንድ ዓይነት አፐርቸርና በአንድ ዓይነት ሹተር፣ የፉል ፍሬሙ 6400 ካንቺ 1600 ጋር ይቀራረባል።

ግን አንድ ነገር ሳይነግሩሽ ቀርተዋል። «በአንድ ዓይነት አፐርቸር» የምትለዋ ቃል ከባድ ናት።

ካልኩሌተር አንሺ። የ40-150 ሌንስሽን ጫፍ፣ 150ን፣ ለ2.8 አካፍዪው። 53.6 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ይህ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ስፋት ነው። አሁን በፉል ፍሬም ያንኑ ክፈፍ (በፎቶው ውስጥ የሚገባውን ያህል ትዕይንት) ለማግኘት፣ የሴንሰሩ ጎን እጥፍ ገደማ ስለሆነ፣ 300 ሚሊ ያስፈልግሻል። 300ን ለ5.6 አካፍዪው። 53.6! ቀዳዳው አንድ ነው። ከአንድ ወንበር ላይ ሆናችሁ ያቺኑ ዳንሰኛ ስታነሱ፣ ሁለቱም ሌንሶች ከእሷ የሚሰበስቡት ብርሃን እኩል ነው። ባለ ፉል ፍሬሙ በኤፍ 5.6 ያንቺን ሹተር ለማግኘት አይኤስኦውን 25600 ማድረስ አለበት፤ ኖይዙም ካንቺ 6400 ብዙም አይለይም። የትልቁ ሴንሰር ትርፍ እዚያው ሌንሱ ላይ ቀረ ማለት ነው።

እንግዲህ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ያለውን ሁሉ ሸጦ ቦዲ (ካሜራውን ያለ ሌንስ) ይገዛል። ቦዲው ገንዘቡን ይጨርሰዋል። ለሌንስ የቀረችው ትንሽ ስለሆነች ጫፉ ላይ ኤፍ 6.3፣ ኤፍ 7.1፣ አንዳንዴም ኤፍ 8 የሚሆን ዙም ይገጥማል። ከዚያ የድሮ ካሜራው የሚሰጠውን ያህል እንኳ ብርሃን አያገኝም። ለሰው ግን አይናገርም፤ ፉል ፍሬም ገብቷላ!

ፉል ፍሬም ለመድረክ የሚጠቅምሽ በኤፍ 2.8 ሌንስ ከገባሽ ብቻ ነው፤ ማለትም በ70-200 ኤፍ 2.8። አዳዲሶቹ ክብደታቸው ከአንድ ኪሎ ጀምሮ ነው። እሱም የሚያደርስሽ እስከ 200 ነው፤ አሁን አንቺ 300 የሚያህል ትደርሻለሽ። መድረኩ ከራቀ ትቆርጫለሽ። ስትቆርጪ ደግሞ ከሴንሰሩ ዳር ዳር ያለውን ብርሃን እየጣልሽ ነው።

ሌላም መንገድ አለ፤ ያለሽበት ሳትለቂ ብርሃን መጨመር። ለማይክሮ ፎር ሰርድስ የተሠራው የኦሊምፐስ 75 ሚሊ ኤፍ 1.8 ሦስት መቶ ግራም ገደማ ነው። በክፈፍ ሲታይ የፉል ፍሬም 150 ሚሊ ማለት ነው። ከ2.8 ወደ 1.8 ስትወርጂ ብርሃኑ ሁለት እጥፍ ተኩል ሊሆን ምንም አይቀረው። 6400 የነበረው ወደ 2500 ይወርዳል። ቀረብ ብለሽ የምታነሺ ከሆነ ደግሞ የኦሊምፐስ 45 ወይም የፓናሶኒክ ላይካ 42.5፣ ሁለቱም ኤፍ 1.2፣ ከአምስት እጥፍ በላይ ብርሃን ይሰጡሻል። ይህ በፉል ፍሬም ላይ ካለ ኤፍ 2.8 ዙም ጋር እኩል የሚያቆምሽ ነው፤ እንዲያውም ሳይበልጥ አይቀርም። ጉዳቱ ዙም አለመሆናቸው ነው። ዳንሰኛዋ ወደ ፊት ስትመጣ አንቺ ወደ ኋላ መሄድ ልትፈልጊ ነው፤ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ደግሞ የት ትሄጃለሽ?

ብርሃን ሲጨምር የፎከስ ጥልቀትም ይሳሳል፤ ይህ በየትኛውም መንገድ የምትከፍይው ዋጋ ነው። ፉል ፍሬም ላይ ኤፍ 2.8 ማለት ባንቺ ካሜራ ኤፍ 1.4 እንደማለት ነው። ለአንዲት ዳንሰኛ ያምራል። ሁለት ሆነው አንዷ ከፊት አንዷ ከኋላ ከቆሙ ግን አንደኛዋ ትደበዝዛለች። ጓደኞችሽ ጥልቀት ፈልገው ወደ ኤፍ 5.6 ሲዘጉት ትልቁን ሴንሰር ለምን እንደተሸከሙት ራሳቸውን ቢጠይቁ ጥሩ ነው።

«ፉል ፍሬም የራሱ መልክ አለው» የሚሉሽን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለሽ እለፊው። የፊት ቅርጽንና የርቀት ስሜትን የሚወስነው የቆምሽበት ቦታ ነው፤ ሴንሰሩ እዚያ ውስጥ የለበትም። በሁለቱ መካከል ወዳለው የሴንሰር መጠን፣ ወደ ኤፒኤስ-ሲም፣ ግቢ አልልሽም። ጥሩ መጠን ነው፤ አዲስ ጀማሪ ቢጠይቀኝ ደስ ብሎኝ እመክረዋለሁ። ካንቺ የሚበልጠው ግን ከአንድ ስቶፕ ባነሰ ብርሃን ነው። ለዚያች ሲባል ሲስተም መቀየር ልፋት ነው።

አሁን ወደ ወፎቹ እንምጣ። እዚህ ላይ የምከራከርልሽ ላንቺ ሌንስ ነው። ያ 300 ኤፍ 4 ከነካሜራው ሁለት ኪሎ ገደማ ነው፤ የሚያሳይሽ የ600 ሚሊ ክፈፍ ነው። በእጅሽ ይዘሽ፣ ያለ ትራይፖድ ታነሺበታለሽ። የሌንሱና የቦዲው ማረጋጊያ ተቀናጅተው ስለሚሠሩ ወፉ ከቆመ በዝግታ ሹተር ብታነሺም ያስችላል። በፉል ፍሬም 600 ኤፍ 4 የሚባሉት ሌንሱ ብቻ ሦስት ኪሎ ይመዝናል፤ ዋጋውንም አልጠራልሽም፤ እሱን ተሸክሞ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ መሄድ ለብቻው ስፖርት ነው።

እውነቱን ልናገር ካልኩ መሐከለኛ መንገድም አላቸው። የሶኒ 200-600 እና የኒኮን 180-600 ጫፋቸው ላይ ኤፍ 6.3 ናቸው። 600ን ለ6.3 ስታካፍዪው 95 ይመጣል፤ ያንቺ 300 ለ4 ደግሞ 75 ነው። ስለዚህ እነሱ የበለጠ ብርሃን ይሰበስባሉ፤ ከግማሽ ስቶፕ ትንሽ የሚበልጥ። ክብደታቸው ሌንሱ ብቻ ሁለት ኪሎ ነው። በሌላው ጫፍ የካኖን 600 ኤፍ 11 አለ፤ ኪሎ አይሞላም፣ ቀዳዳው ግን 55 እንኳ አይደርስም፤ ካንቺ ይጨልማል። እንግዲህ ምርጫው ከብርሃንና ከክብደት ነው። ከሁለቱ የሚያመልጥ ኩባንያ እስካሁን አልመጣም።

ወፍ የሚያነሳ ሰው ደግሞ መቁረጡ አይቀርም። በ24 ሜጋፒክስል ፉል ፍሬም ላይ 300 ሚሊ ብትገጥሚና ፎቶውን ካንቺ ሴንሰር እኩል ብትቆርጪው የሚቀርሽ 6 ሜጋፒክስል ብቻ ነው። አንቺ እዚያው ላይ 20 አለሽ። 20 ሜጋፒክስል በኢንች 300 ነጥብ ቢታተም 44 በ33 ሳንቲ ሜትር ይወጣዋል። ለግድግዳ መች አነሰ?

እንግዲህ ወደ «ሲስተሙ እየሞተ ነው» ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ታሪክ ያስፈልጋል፤ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

ካኖን በ1971 ኤፍዲ የሚባል ማውንት (ሌንስ ካሜራው ላይ የሚገጠምበት አንገት) አወጣ። ሰው ሌንስ አከማቸበት። በ1987 ኢኤፍን ይዞ መጣና የኤፍዲ ሌንሶች በአዲሱ ቦዲ ላይ በወጉ የማይሠሩ ሆኑ። ያኔ የተቀየመው ብዙ ነው። ኢኤፍም በተራው ነገሠና በ2018 አርኤፍ መጣበት። በመሐል በ2012 የጀመረው ኢኤፍ-ኤም በ2023 አበቃ። ኒኮን በታማኝነት ስሙ ይጠራል፤ የኤፍ ማውንቱን ከ1959 ጀምሮ ይዞት ቆይቷል። እሱም በ2018 ወደ ዜድ ዞረ። አዳፕተር ሰጥቷል፤ ነገር ግን የውስጥ ሞተር የሌላቸው የድሮ ሌንሶች በዚያ አዳፕተር አውቶ ፎከስ አያደርጉም። በ2011 ያስጀመረው ትንሹ ኒኮን 1 ደግሞ በ2018 ተዘጋ። ኮኒካ ሚኖልታ በ2006 ከካሜራ ሥራ ሲወጣ ማውንቱን ሶኒ ወረሰው። ሳምሰንግ ኤንኤክስን በ2010 ጀምሮ ጥቂት ዓመት ሠራበትና ድምፁን አጥፍቶ ወጣ።

ያንቺም ቤት ከዚህ ነጻ አይደለም። ኦሊምፐስ በ2003 በኢ-1 የጀመረውን ፎር ሰርድስ ትቶ ከፓናሶኒክ ጋር በ2008 ወደ ማይክሮ ፎር ሰርድስ ተሻገረ። የድሮ ሌንስ የያዙት አዳፕተር ገጥመው አውቶ ፎከሱ እየተንቀራፈፈባቸው እስከ 2013 ድረስ ሲጠብቁ ኖሩ። በ2021 መጀመሪያ ላይ ደግሞ የካሜራው ክፍል ኦኤም ዲጂታል ሶሉሽንስ ለሚባል ኩባንያ ተላለፈ። «ሞተ» የሚለው ወሬ የገነነው ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን በ2022 የዚሁ ኩባንያ ኦኤም-1 መጣ። በ2023 የፓናሶኒክ ጂ9 ማርክ 2፣ በ2024 ኦኤም-1 ማርክ 2 እና ጂኤች7፣ በ2025 ኦኤም-3። ለሞተ ሲስተም ብዙ ነው። ነገ ምን እንደሚሆን ዋስ አልሆንልሽም። ቢዘጋ እንኳ 300ሽ በማግስቱ ማንሳት አያቆምም። ሊያሳስብሽ የሚገባው ጥገናና መለዋወጫ ነው፤ እሱም ከዓመታት በኋላ የሚመጣ ጣጣ ነው። ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ለኩባንያ ታማኝ መሆን ትርፍ እንደሌለው እንድታይ ነው። ሲያዋጣቸው ይዞራሉ። አንቺም ሲያዋጣሽ ብትዞሪ ማንም አይቀየምሽም።

ለሌንሱ ያለሽ ፍቅር ግን ሌላ ነው። «ልጅ አሳልፎ እንደመስጠት» ያልሽው አስቆኛል፣ ግን ገብቶኛል። የ40-150ሽን የፎከስ ቀለበት ወደ ኋላ ሳብ ስታደርጊው ወደ ማኑዋል ይገባል። በጨለማ አዳራሽ ውስጥ ሳታዪ ታደርጊዋለሽ። የዙም ቀለበቱ በየት በኩል እንደሚዞር ጣትሽ ያውቃል፤ ሌላ ኩባንያ ስትሄጂ በተቃራኒው ሊዞር ይችላል። ይህ የእጅ እውቀት ዋጋ አለው። ሽያጭ ላይ ግን ማንም አይከፍልሽም። አዲስ ሲስተም ገዝተሽ የመጀመሪያዎቹን ወራት የምታሳልፊው ይህንን እውቀት እንደገና በመግዛት ነው።

ስለዚህ ፍቅሩ ከየት እንደመጣ ለይው። እንዲህ ብለሽ ራስሽን ጠይቂ፦ ሌንሶቼ ዛሬ ቢሸጡ የሚያወጡት ገንዘብ በእጄ ቢኖር፣ ካሜራ የሚባል ባይኖረኝ፣ ይህንኑ ዕቃ መልሼ እገዛለሁ? ያኔ ስንት እንዳወጣሽ አታስቢ፤ ያ ገንዘብ ሄዷል። ለወፉ «አዎ» የምትዪ ይመስለኛል። ለመድረኩ ታመነቻለሽ። እንግዲህ ጥያቄሽ የ40-150 ጉዳይ ብቻ ሆኖ ቀረ ማለት ነው፤ ለዚህ ሲባል 300ው ምን አደረገ?

ጓደኞችሽን አትቀየሚያቸው። ገንዘቡን ያወጣ ሰው ሌላውም ቢከተለው ልቡ ይረጋል። ግን የሰው ወርቅ አያደምቅም። እነሱ የሚያነሱት ሠርግ ወይም የሰው ፊት ከሆነ የነሱ ምርጫ ለነሱ ትክክል ነው። ወፍ አያነሱም፤ አንቺ ታነሻለሽ።

ታዲያ ምን ላድርግ ትዪኝ ይሆናል። መጀመሪያ ነጻ የሆነውን አድርጊ። አውቶ አይኤስኦውን ልቀቂው፣ ሹተሩን አፍጥኚ፣ ኤክስፖዠሩን ፊቷ ላይ አስተካክዪ። ሦስት አራት ትርኢት በዚህ አንሺ። ከዚያ የማይረቡትን ፎቶዎች ብቻ ሰብስቢና ለምን እንዳልረቡ ለያቸው። ጭስ የሆኑት ብዙ ከሆኑ የጎደለሽ ብርሃን ነው፤ 75 ኤፍ 1.8ን ለአንድ ማታ ተከራዪው ወይም ተዋሺው። ፎከሱ የሳተው ከበዛ ሌንስም ሴንሰርም አይደለም፤ ቦዲሽ አርጅቷል። የ2016 ካሜራ ነው። ኦኤም-1 ላይ ያንኑ ሌንስ ገጥመሽ ልዩነቱን እይ፤ ሌንሶችሽም ሳይሸጡ ይቀራሉ። ኖይዝ ብቻ ከቀረ ደግሞ ጓደኞችሽን ፉል ፍሬም ከነ70-200 ኤፍ 2.8 ለአንድ ትርኢት አውሱኝ በያቸው። ያን ያህል ካመሰገኑት አይከለክሉሽም። በዚያው መድረክ፣ በዚያው ወንበር ላይ ሆነሽ አንሺበት። ቤት ስትገቢ ሁለቱንም ፎቶ በምታትሚበት መጠን አይተሽ ፍረጂ። በስክሪን መቶ ፐርሰንት እያጎላሽ አትፍረጂ፤ እንዲያማ ከሆነ ደስ የሚያሰኝሽ ካሜራ የለም።

ይህን ሁሉ አድርገሽ ፉል ፍሬሙ ካሸነፈ፣ ግቢበት። መድረኩ የእንጀራሽ ምንጭ እየሆነ ከሄደም እንደዚያው። ግን አንድ ቦዲና አንድ ኤፍ 2.8 ሌንስ ብቻ ይዘሽ ግቢ፤ ወፉን ከነ300ው ባለበት ተዪው። መሸጥ ካለብሽ መጀመሪያ 40-150ው ይሂድ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ? ሁለት ሲስተም መያዝ አሰልቺ ነው፣ አልዋሽሽም። ሁለት ዓይነት ባትሪ፣ ሁለት ዓይነት ሜኑ፣ አንዱን ቻርጀር ሁልጊዜ መርሳት። ግን ሁሉንም በአንድ ቀን ሸጦ ከስድስት ወር በኋላ ያንኑ 300 ከሌላ ሰው መልሶ ከመግዛት ይሻላል።

በመጨረሻ የጠየቅሽው የአዳፕተሩ ጉዳይ ነው። አይሆንም። ያንቺ ሌንሶች የሚጥሉት ክብ ምስል ፉል ፍሬሙን አይሸፍነውም፤ መሐሉ ይበራና ዙሪያው ጥቁር ይሆናል። ከዚህም ሌላ ፎከሱም አፐርቸሩም በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ስለሆነ፣ ቋንቋውን የማያውቅ ቦዲ ላይ ሌንሱ ዝም ይላል። በተቃራኒው ግን ይቻላል። በማይክሮ ፎር ሰርድስ ማውንትና በሴንሰሩ መካከል ያለው ርቀት 19.25 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። አብዛኞቹ የድሮ ፊልም ካሜራና የዲኤስኤልአር ሌንሶች ከ40 በላይ ይፈልጋሉ፤ ትርፉን ክፍተት አዳፕተሩ ይሞላዋል፤ ውስጡ መስታወት እንኳ አያስፈልገውም። ስለዚህ ከዘመድ ቤት መሳቢያ ውስጥ የተረሳ 50 ሚሊ ኤፍ 1.4 ካለ ለምኚ። ባንቺ ካሜራ ላይ የ100 ሚሊ ክፈፍ ይሰጥሻል፣ ከዙምሽም አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ፎከሱን በእጅሽ ነው የምታደርጊው፤ ፎከስ ያረፈበትን ጠርዝ በቀለም የሚያሳይሽን ፒኪንግ ክፈቺው። በማረጋጊያው ሜኑ ውስጥም 50 ብለሽ ማስገባትሽን አትርሺ፤ ካሜራው የተገጠመለት ሌንስ ስንት ሚሊ እንደሆነ በራሱ ስለማያውቅ፣ ካልነገርሽው ማረጋጊያው በትክክል አይሠራም።